ሠላሳ ስድስት ወረቀት

ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ከልብስ አጣቢው ፎቅ በላይ፣
ኦጊኩቦ ከሚባል ሰፈር፣ ሌሊት መብራቱ የሚታይ፣
እዚያ ነበር ሥራችን፤
እርሳስ፣ ላጲስ፣ የወረቀት ክምር፣ የቀዘቀዘ ሻያችን።

የምንሥለው አኒሜ ነው፤ የእሑድ ማታ፣ የሕፃናት፤
ውሻው ኮጌ ይባላል፤ ቀለሙ ከድስት ሥር ያረረ የሩዝ ቅርፊት።
ዐሥር ክፍል ሙሉ ሮጧል፣ በዝናብ በበረዶ፣
ልጅቷን ከወንዝ አውጥቷል፣ በቀሚሷ ጫፍ ጎትቶ ወስዶ።
አሁን ዐሥራ አንደኛው መጣ፤
ልጅቷ በመርከብ ሄደች፤ ኮጌን የሚያሳፍር ታጣ።

የአለቃው ማስታወሻ በቀይ እርሳስ፣ ከጎን፦
«ውሻው ያለቅሳል። እንባው ይታይ፤ ትልልቅ ይሁን።»

ቶሞኤ አነበበችው፤ መነጽሯን አወለቀች፣
ሠላሳ ዓመት የሣለ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣
«ውሻ እንባ የለውም፣» አለች።

የእኔ ሥራ መካከሉ ነው።
እሷ መነሻውን ትሥላለች፣ መድረሻውን ትሥላለች፣
በመሃል ያለችው ትንፋሽ ለእኔ ትቀራለች።
አዲስ ነኝና ጠየቅኩ፦ «ታዲያ ምን ይኑረው?»
ዝም አለች። ባቡር አለፈ፤ መስኮቱን አንቀጠቀጠው።

«አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነበር፤ በሰሜኑ ጠረፍ።
ሮኩ የሚባል ውሻ ነበረን፣ አንካሳ፣ ነጭናጫ፣ ለእንግዳ የማይተርፍ።
ጀልባው በሰጠመ ዓመት ሳንቃው ብቻ ተመለሰ፤
እናቴ አለቀሰች፤ ጎረቤት አለቀሰ፤
ሮኩ ግን ምን አለቀሰ?
በየማታው፣ አባቴ በሚገባበት ሰዓት፣
ደጃፉ ላይ ተጋድሞ ሳለ፣ እንቅልፍ ይዞት፣
የቀኝ ጆሮው ትነሣለች።
ጆሮው ብቻ። ሌላ አካሉ አይነቃም።
የፖስተኛ ኮቴ ይሆናል፤ ነፋስም ይሆናል፤ አይታወቅም።
ጆሮዪቱ ቆማ ትጠብቃለች፣
ትጠብቃለች፣
ከዚያ፣ ቀስ ብላ፣ ትተኛለች።
አራት ክረምት እንዲህ ሆነ።
ውሻ እንባ የለውም፣ ልጄ፤ ጆሮ ነው ያለው።»

ከዚያ ወዲያ አልተናገረች።
የቀዩን እርሳስ ትእዛዝ በሻይ ኩባያ ሸፈነች።

ሦስት ሰከንድ። ሠላሳ ስድስት ወረቀት።
ከዐሥራ ሰባት እስከ ሃያ ሦስት ለእኔ ደረሱኝ፤
ጆሮዋ ከላይ ቆማ፣ ምንም የማይሆንባቸው። አስለቀሱኝ።
ለካስ ከሚሮጥ ይልቅ የቆመ ነው የሚከብደው፤
መስመሯ ብትርገበገብ ውሸት ነው፣
ባትርገበገብ ሬሳ ነው።
ሰባቱን ስድስት ጊዜ ቀደድኳቸው።
በሰባተኛው ሊነጋ ሲል ቶሞኤ በትከሻዬ አየችና፣
«ይህቺ ትሰማለች፣» ብላ ሄደች፣ ካፖርቷን ደርባ።

አለቃው አየና አኮረፈ፤ «ለልጅ አይገባም ይሄ!»
ግን ጊዜ አልነበረም፤ ዘለፈና አለፈ፤ አላስቀረም እሱም ኋላ።

ባለድምፁ ኢሶጂ፣ ሰባ አንድ ዓመቱ፣
ዐሥር ክፍል በኮጌ አፍ ጮኾ የሻከረ አንደበቱ፣
ወረቀቱ «ዋይታ» ይለዋል።
ጆሮዋ ስትነሣ በስክሪኑ ላይ፣ ሽማግሌው ዋይታውን ዋጠ፤
በአፍንጫው አየር ሳበ፣ ያዘው፣ ያዘው፣ ለቀቀ።
ማይክሮፎኑ ተበላሸ ብሎ የድምፅ ሠራተኛው ደነገጠ።

እሑድ ማታ ኑድል ቤት ነበርኩ፣ ከሐዲዱ ሥር፣
ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፣ ከሶያ ጠርሙሶች አጠገብ፣ ከበር።
አንድ ልጅ ኑድሉ ካገጩ ተንጠልጥሎ፣
ቀና ብሎ፣
«ሰማት እንዴ?» አለ።
ጆሮዋ ወረደች።
ልጁ የመብያ እንጨቱን አስቀመጠ፤ እናቱን አላያትም፤
«ነገም ያዳምጣል፣ አይደል? አይተውም?»
ሒሳቤን ሳልቀበል ወጣሁ፤ መልሱን አልሰማሁትም።

በማግስቱ የዐሥራ ሁለተኛው ክፍል ጽሑፍ ጠረጴዛችን ላይ ነበር።
ልጅቷ ትመለሳለች። በረዶው ሲቀልጥ፣ በማለዳ፣ መርከቡ ይታሰር።
ቶሞኤ እርሳስ ትቀርጻለች፤ ሹል ሆኖም ትቀርጻለች።
«ሮኩ ይሄንን ክፍል አላየውም፣» አለች።
ከዚያ ባዶውን ወረቀት ወደ እኔ ገፋች፦
«ጅራት ሲቆላ መሣል እኔ አልችልበትም።
አንተ ሞክረው።»

የዚያን ሌሊት መነሻውም፣ መድረሻውም፣ መካከሉም
የእኔ ሆነ።